ለሶስና ያነበብኩላት መጻሕፍት

መጀመሪያ ያየሁት ትራሷ ላይ የነበረውን ደም ነው። ልጄ ሶስና ድዷ ይደማ ነበር። እሷ የጥርስ ብሩሹ ጠንካራ ስለሆነ ነው አለችኝ፤ እኔም አምኜ ለስላሳ ብሩሽ ገዛሁላት። ቀጥሎ እግሯ ላይ የበለዘ ነገር አየሁ። የት ተመታሽ ብላት የትም አልተመታሁም አለች። አርሊንግተን ዩኒቨርሲቲ ስለምትማር ድካሙን ከፈተናው ቆጠርኩት። የቤታችንን ደረጃ መውጣት ሲያቅታት ግን ድንገተኛ ክፍል ወሰድኳት። ደም ወሰዱ። እንደገና ወሰዱ። ከዚያ ሐኪሟ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስትቀመጥ ፈራሁ።

ሉኪሚያ ነው አለች። የደም ካንሰር።

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ስለ መድኃኒቱ ሐኪሞቻችሁ ይነግሯችኋል። ይህን የምጽፈው ሰው ለታመመባችሁ ነው፤ ስለማውቀውም ነገር ብቻ እጽፋለሁ፤ አልጋ አጠገብ ስለ ማንበብ።

ኬሞቴራፒው ሲጀመር አፏ ቆሰለ። ውሃ እንኳ አቃጠላት። ነጭ የደም ሴሎቿ ስለወረዱ ጠያቂ ተከለከለ፤ የሰፈራችን የሌክ ሃይላንድስ ጎረቤቶች ምግብ ይዘው እስከ ፓርኪንጉ ድረስ መጥተው ይመለሱ ነበር። ስልክ ስታይ ራሷን ያማታል። አውሪልኝ ትለኛለች፤ እኔ ግን ከአፌ የሚወጣው በረደሽ ወይ፣ አመመሽ ወይ ብቻ ነው። ሌላ ነገር አውሪ አለችኝ። ሌላ ነገር አልነበረኝም።

ጓደኛዬ ዘነቡ በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጡላትን መጻሕፍት ላከችልኝ። ነርሷ ሻጋታ እንደሌላቸው አይታ፣ ሽፋናቸውን ወልውላ አስገባችልኝ። ሶስና በልጅነቷ ከአገር ስለወጣች የአማርኛ ፊደል አታነብም። እኔም ፈጣን አንባቢ አይደለሁም፤ መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ ነበር የማነብላት።

የመጀመሪያው ወፍራም የፍቅር ልቦለድ ነው። የሀብታም ልጅ አንዲት ልብስ ሰፊ ይወዳል፤ ቤተሰቡ ይከለክለዋል፤ እሱም ዝናብ ውስጥ ቆሞ ያለቅሳል። በየምዕራፉ ያለቅሳል።

«እማ፣ ይሄ ሰውዬ ጆብ የለውም?» አለችኝ።

ሳቅን። ስትስቅ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደማ።

ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ታመመች። ኮሪደር ወጥቼ ቀድሜ አነበብኩት፤ ትሞታለች። ስለዚህ መጽሐፍ ያለኝን አስተያየት በግልጽ ልናገር፦ ጸሐፊው በሽተኛ አስታሞ የሚያውቅ አይመስለኝም። ልጅቷ አታስመልስም። ፀጉሯ አይረግፍም። ሆዷ ደርቆ አትጨነቅም። እያማረባት ሄዳ ትሞታለች። ተናደድኩ። ደግሞም በእኛ ዘንድ በታመመ ሰው ፊት ሞት አይነሳም። ስለዚህ ያንን ሁሉ ዘለልኩና ዳነች፣ ተጋቡ ብዬ አነበብኩላት።

ሶስና እጄ ላይ የቀረውን ገጽ አየች።

«ሰርጉ ይሄን ያህል ገጽ ነው?»

ትልቅ ሰርግ ነው አልኳት። ኦኬ ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ቀጥሎ ቀጭን የግጥም መጽሐፍ ጀመርን። አብዛኛው አልገባኝም። አንዱ ከጉድጓድ ውሃ ልትቀዳ ስለመጣች ሴት ነው። ገመዱ ያጥራል። ሴትየዋ መቀነቷን ትቀጥልበታለች፤ አልደረሰም። ነጠላዋን ትቀጥላለች። ግጥሙ እዚያው ያልቃል፤ ውሃ ቀዳች ወይስ አልቀዳችም፣ አይናገርም። እኔ አልወደድኩትም። ገጣሚ የጀመረውን መጨረስ አለበት። ሶስና ግን ድገሚው አለችኝ። በማግሥቱም ድገሚው አለችኝ። ምኑን እንደወደደችው ብጠይቃት፣ ሴትየዋ ገና እየቀጠለች ስለሆነ ነው አለች።

የመቅኔ ባዮፕሲ ተደረገላት፤ ከአጥንቷ ውስጥ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ ሲመጣ የሐኪሟን ፊት አይቼ አወቅኩት። ሆስፒታሉ የጠራው አስተርጓሚ በታብሌት ላይ በቪዲዮ ነበር፤ ድምፁ የአገሬ ሰው ድምፅ ነው። ጎንበስ ብዬ በሹክሹክታ ለመንኩት። ወንድሜ፣ ክፉ ከሆነ ለእሷ አትንገራት፤ ኢንፌክሽን ነው በላት፤ አክስቷ መጥታ ቀስ ብለን እንነግራታለን አልኩት።

አስተርጓሚው የሚባለውን ሁሉ የመተርጎም ግዴታ እንዳለበት አላወቅኩም። ልመናዬን በሙሉ፣ አንድም ቃል ሳያስቀር፣ በእንግሊዝኛ ጮክ ብሎ ተናገረው። ሐኪሟ ሰማች። ሶስናም ሰማች። እንግሊዝኛ እኮ የልጄ ቋንቋ ነው፤ አስተርጓሚው የተጠራው ለእኔ ነበር። ይህን እንኳ ረስቼው ነበር።



ከዚያ ሐኪሟ በእሱ በኩል እንዲህ አለችኝ፦ «ልጅዎ አዋቂ ናት። ውጤቱ የእሷ ነው። መስማት ካልፈለገች ራሷ ትንገረኝ።»

ሶስና ወደ እኔ ዞረች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እማ፣ ልብስ ሰፊዋ እንደሞተች አውቄያለሁ። እኔን ስኪፕ አታድርጊኝ።»

ሐኪሟ ነገረቻት። ካንሰሩ አልጠፋም። ሁለተኛ ዙር ያስፈልጋል። ከመጀመሪያው ይከብዳል። ሶስና ጠየቀች፤ ሐኪሟ መለሰች። እኔ የልጄን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ይዤ ቆምኩ። ሌላ የማደርገው አልነበረም።

በሁለተኛው ዙር ትኩሳት ያዛት። ምንም አልዋጥ አላት። አንዳንድ ቀን የማነብላትን ትስማ አትስማ አላውቅም ነበር።

ያን ጊዜ ያነበብነው በቤት ውርስ ስለተጣሉ ሁለት እህትማማቾች ነው። ከሁሉም የበለጠ የወደድኩት እሱን ነው። ታላቂቱ የምትሞተው መጽሐፉ መሐል ላይ ነው። እዚያ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ሶስና ዓይኗን ጨፍና ጠበቀችኝ። አነበብኩት። ሁሉንም። ከቀብሩ በኋላ ታናሺቱ የእህቷን ላም ልታልብ ትሄዳለች፤ ላሟ ትራገጥባታለች። ሶስና፣ ላሟ ልክ ናት አለች። ይህ ጸሐፊ ሰው ከሞተም በኋላ ላም እንደምትታለብ ያውቃል፤ ሳይሸነግል ስለጻፈው አመሰግነዋለሁ።

ቀስ በቀስ ትኩሳቱ ወረደ፤ አንድ ቀን ጠዋት ፍርፍር አማረኝ ስትለኝ ከነርሷ ጋር ተያየን፤ በሚቀጥለው ባዮፕሲ መቅኔዋ ውስጥ የካንሰር ሴል እንዳልታየ፣ ይህም ሪሚሽን እንደሚባል፣ ነገር ግን ክትትሉ ለዓመታት እንደሚቀጥል ሐኪሟ ለእሷ እየነገረቻት እኔ አጠገቧ ሆኜ ሰማሁ። አሁን ፀጉሯ አጭር ሆኖ በቅሏል፣ ትምህርቷንም ከቤት ሆና ጀምራለች፣ እኔም ለደም ምርመራ በምንሄድበት ቀን ሁሉ እየፈራሁ መኪናውን እነዳለሁ፤ ይህ ፍርሃት የሚለቀኝ አይመስለኝም።

ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ሐኪሟን፣ ነርሶቹን፣ ቃሌን ያልቀነሰውን አስተርጓሚ፣ ዘነቡንም አመሰግናለሁ። ለእናንተ ደግሞ፦ ድድ ሲደማና ሰውነት ሲበልዝ ብሩሽ አትቀይሩ፣ ቶሎ ተመርመሩ። የምታነቡላቸውን እነሱ ይምረጡት፤ ያላማራችሁን መጽሐፍ ሊወዱት ይችላሉ። ምን ላድርግ ብላችሁ ትጨነቃላችሁ። ብዙውን ጊዜ የሚደረግ ነገር የለም። ወንበሩን ጠጋ አድርጋችሁ ተቀመጡ፤ የሚነገራቸውን አብራችሁ ስሙ።