ነጠላዋን ያየው ሰው

ወረታ መገንጠያው ላይ ወታደሮች ከባጃጅ አውርደው ያስገቡኝ አሮጌ የሩዝ መጋዘን ውስጥ ነበር። ሩዙ ወጥቶ እኛ እስረኞቹ ገብተናል፤ ብናኙ ግን ቀርቶ አንገቴን ሲበላኝ ይውላል። የተያዝኩት ቁሐር ሚካኤል ላይ አውድማውን ድሮን መታው ሲባል ሰምቼ ታናሽ ወንድሜን ልፈልግ ስሄድ ነው። ወንድሜ ሩዝ ሊወቃ ማልዶ የወጣው እዚያ አውድማ ላይ ነበር። ማን ደውሎ እንደነገረኝ ደጋግመው ጠየቁኝ። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አለ ወይስ የለም? የሚመልስልኝ አጣሁ።

ጠያቂ አይገባም። ስንቃችንን ከበር የሚያመጡልን ከአንበሳሜ በኩል ተይዘው የመጡ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ነበሩ፤ ጠባቂዎቹ አምነዋቸዋል። በየቀኑ በር ድረስ ወጥተው ሚስታቸውን ያያሉ፣ እህቴንም ያያሉ። እህቴ እፊታቸው ቆማ ከወጡ ትቀምሳለች፤ እሳቸው ሳህኑን ተቀብለው ይመለሳሉ። ለእኔ የሚደርሰኝ የእጇ ወጥ ብቻ ነው። ቅናት አንገበገበኝ። ምን አለች ስላቸው “በርታ ብላሃለች” ይሉኛል፤ ከዚያ በላይ አይወጣቸውም። ጭራሽ ከራሳቸው ስንቅ ያካፍሉኝ ጀመር። ቸርነታቸውንም ጠላሁት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠባቂው በሩ ላይ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። በሩቅ አገር፣ ጦርነት ላይ ባለ አንድ ዋና ከተማ፣ ድሮን ሕንፃ መምታቱን ያወራል። የማስጠንቀቂያው ድምፅ ሲጮህ ሰዉ ምድር ቤት መግባቱን፣ የመንገዱን ስም፣ የረገፈውን መስኮት ሳይቀር ተናገረ። ወንድሙን ከፍርስራሽ ሥር ሲፈልግ ውሎ ማምሻውን አስከሬኑን ስላገኘ አንድ ሰውም አወራ። በዚያ ሰው ቀናሁ። ነውር ነው፣ ግን ቀናሁ። የወንድሙ ስም በሬዲዮ ተጠርቶለታል፤ እሱም ቁርጡን አውቆ አልቅሷል።

ሸማኔው ሳህኑን ይዘው ሲገቡ አልተቀበልኳቸውም።

“እርስዎ በየቀኑ ያዩዋታል፤ ወንድሟ ግን እኔ ነኝ” አልኳቸው። “ያዩትን ይንገሩኝ እንጂ በርታ አይበሉኝ።”

ሳህኑን መሬት አስቀምጠው አጠገቤ ተቀመጡ። በእኛ አገር እስረኛ መርዶ አይነገረውም፤ ሲፈታ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ያረዳዋል። እህቴም እንዳይነግሩኝ ማተባቸውን አስይዛ አስምላቸው ኖሯል።

“ዕድሜ ልኬን ነጠላ ስሠራ የኖርሁ ነኝ ልጄ” አሉ በመጨረሻ። “ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ እህትህ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው የምትመጣው። መሐላዬን እግዜር ይቅር ይበለኝ።”

ሁለት ሳምንት ሙሉ የእኔን ሐዘን እሳቸው ይዘውት ከርመዋል። በዚህም ቀናሁባቸው። ከዚያ አለቀስኩ።

ጠባቂው ምን ሆናችሁ ብሎ ብቅ አለ። ሬዲዮው ዜናውን እየደገመ ነበር። ፊቴን ጠርጌ ተነሣሁና ጋቢዬን አዘቅዝቄ ለበስኩ።

“ሌላም ዜና አለ” አልኩት። “ቁሐር ሚካኤል፣ አውድማ ላይ፣ ሩዝ ሲወቃ።” የወንድሜን ስም ከነአባቱ ጠራሁ። የሁለት ልጆች አባት መሆኑን ተናገርኩ፤ የበሬዎቹን ስም እንኳ አልተውኩም። ሸማኔው ተነሥተው ቆሙ፤ እሳቸውን አይቶ መጋዘኑ በሙሉ ቆመ። ጠባቂው ተቀመጡ አላለንም። ሬዲዮውን ዘጋው።

በኋላ እሳቸውም እኔም ተፈታን። እህቴ ዓመት ሞልቶ ነጠላዋን ስታቀና የለበሰችው እኚያ ሸማኔ የሠሩላትን ነው። እኔ ግን ቅናቱ አልለቀቀኝም። የሆነ ከተማ በድሮን ተመታ ሲባል ድምፁን ከፍ አድርጌ እሰማለሁ፤ ለሞቱት አዝናለሁ፤ ስማቸው ሲጠራ ደግሞ እቀናለሁ። ከዚያ ሬዲዮውን አጠፋና፣ ሁለቱ ልጆቹ በሚሰሙበት፣ የወንድሜን ስም ከነአባቱ እጠራለሁ።