ጣሪያ ላይ የተረሳው ሣጥን

አሰገደች ከመራቤቴ መጥታ ኩዌት፣ ፋሐሂል ከተማ፣ ማዳም ራቢያ ቤት ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ ብርጭቆ ሰብራ አታውቅም። ማዳም ለእህቶቿ "የእኔዋ የምትታመን ናት" ስትል ትሰማለች፤ እንዳልሰማች ሆና ሥራዋን ትቀጥላለች።

ኮሮና ሲገባ ማዳም አዲስ ሕግ አወጣች። ከውጭ የመጣ ዕቃ ሁሉ ጣሪያ ላይ ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ሳይመታው ቤት አይገባም። ሽንኩርቱም፣ የዓሊያ ዕቃም።

ዓሊያ የማዳም ልጅ ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። አባቷ በሕይወት ሳለ አብረው የሚያዩት አንድ የቆየ ፊልም ነበር፤ በጠፈር መርከብ ውስጥ የተዘጋባቸውን ሰዎች ምንነቱ የማይታወቅ ነገር አንድ በአንድ ሲለቅማቸው የሚያሳይ። የአባቷ ካሴት አርጅቶ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ብቻዋን ስለምትፈራ "ነይ፣ አጠገቤ ቁጭ በይ" ትላለች አሰገደችን። አሰገደችም ግማሹን በሻሿ ተሸፍና ታየዋለች። ያ ፊልም ታድሶ፣ ለሰብሳቢዎች ብቻ፣ ቁጥር በተጻፈበት የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ በዲስክ ታትሞ ወጣ። ዓሊያ አዝዛ አራት ወር ጠበቀች።

ሐምሌ ላይ ሾፌሩ ኢብራሂም ከበር ተቀብሎ አመጣው።

"መርከባችሁ ደረሰች" አለና ለአሰገደች ሰጣት።

ጣሪያ ላይ አስቀመጠችው። ወዲያው ማዳም ጠራቻት። የማዳምን አሮጊት እናት አንሶላ ስትቀይር፣ ምሳ ስትሠራ፣ ልብስ ስትተኩስ መሸ። ሣጥኑ ትዝ ያላት በማግሥቱ ከሰዓት ነው። ቆርቆሮው እጅ ያቃጥላል። በእርጥብ ፎጣ አቀዝቅዛ ዓሊያ አልጋ ላይ አኖረችው።

ሲከፈት ዲስኮቹ እንደ ደረቀ ቂጣ ተቆልምመዋል። ዓሊያ ስታለቅስ አሰገደች እንባዋን ጠረገችላት።

"መኪና ውስጥ ረስተኸው ነው!" አለች ማዳም፣ ኢብራሂምን።

አሰገደች አፏን ከፈተች። ዲስኮቹን ወደ ሣጥኑ መመለስ ጀመረች። ኢብራሂም አየት አደረጋትና "አዎ ማዳም፣ ረስቼው ነው" አለ። እስከ ቅዳሜ እንዲወጣ ተነገረው።

ሐሙስ ዕለት ጣሪያ ላይ ባለችው ክፍሉ ሻንጣውን ሲያስር ደረሰችበት።

"ለምን አዎ አልክ?"

"እዚህ ደጄ ላይ ውሎ አድሮ ሲጠበስ አይቼዋለሁ። ሕጉ ነው ብዬ አለፍኩት።" ሳቀ። "ሽንኩርት አሳርረሽ የማታውቂ ሴት መርከብ አሳረርሽ!"

"አትቀልድ፣ ኢብሮ።"

"እኔ ሐዋሊ ሰፈር ያለው ወንድሜ ጋ እገባለሁ። አንቺን ቢያባርሩሽ የት ትወድቂያለሽ? አውሮፕላን እንኳ የለም።"

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ደረጃውን ወርዳ የዓሊያን በር አንኳኳች።

"ጣሪያ ላይ የረሳሁት እኔ ነኝ። ኢብራሂም ምንም አላደረገም።"

ዓሊያ "እንባዬን ስትጠርጊልኝ ታውቂ ነበር?" አለች።

"አውቅ ነበር።"

ዓሊያ ወደ እናቷ ክፍል ሄዳ ነገረቻት። ኢብራሂም ሳይባረር ቀረ። አሰገደችንም የሚያባርራት አልተገኘም፤ በዚያ ወቅት ምትክ ከየት ይመጣል? ማዳም ግን ለእህቶቿ ስትደውል ስለ "የእኔዋ" ማውራት ተወች።

ዓሊያ አሁንም አሮጌውን ካሴት ታያለች፤ በሯን ዘግታ። አሰገደች ኮሪደሩ ላይ ልብስ ስትተኩስ የመርከቧ የአደጋ ደወል ይሰማታል። ዓሊያ ከዚህ በኋላ ያለውን እንደምትፈራ ታውቃለች። ካውያውን አቁማ፣ በሩን እያየች፣ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ነይ የሚላት የለም።