አባቴ ብቻውን አልሞተም

እናቴ የምታምነው፣ አባቴ በወንድሙ እቅፍ ውስጥ ሆኖ ስሟን እየጠራ መሞቱን ነው። ይህን የነገራት ራሱ አጎቴ ነው። ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ በዚህ ትጽናናለች።

እውነቱን የሰማሁት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ካለው መናኸሪያ በር ላይ ሙዝ ከምትሸጥ ሴት ነው። የአባቴ ልጅ መሆኔን በመልኬ ለየችና እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። አጎቴ የታመመውን አባቴን ከዶርዜ አውርዶት፣ "ባጃጅ ልፈልግ" ብሎ ጥላ ስር ትቶት ሄደ። የሄደው ግን አረቄ ቤት ነበር። አባቴ "ወንድሜ መጣ?" እያለ ሲጠይቃት ቆይቶ እሷ እጅ ላይ አለፈ።

እዚያው ሲቀላ አጎቴ ቤት ሄድኩ። አልካደም።

"ንገሪያታ!" አለኝ። "እኔን ሳይሆን እሷን ነው የምትገድያት።"

ልነግራት ቆርጬ ዶርዜ ወጣሁ። እናቴ ደጅ ላይ ጥጥ ትፈትላለች። ገና ሳልቀመጥ፣ "አባትሽ እኮ የታደለ ነው፤ ብቻውን አልሞተም" አለችኝ። ይህን ብነጥቃት በምትኩ ምን እሰጣታለሁ? የመናኸሪያ አቧራ?

እሷን ተውኳት። እሱን ግን አልተውኩትም።

"እማዬ ስለ አባቴ መስማት ትወዳለች" አልኩት በስልክ። "እሁድ እሁድ እየመጡ ይንገሯት።"

"ባልመጣስ?"

"ለልጆችዎ እኔ እነግራቸዋለሁ።"

መጣ። እናቴ አጠገቧ አስቀምጣ ታስወራዋለች፤ እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ። ሲጨርስ እጁን ትስማለች። "ወንድምህን የደገፍክበትን እጅ ጌታ ይባርከው" ትለዋለች። እሱን ላብ ያጠምቀዋል። እኔን ደስ ይለኛል፤ ምን እደብቃለሁ።

አንድ እሁድ ወሬውን አቋርጦ አለቀሰ። "እቴ፣ እኔ እኮ የዚያን ቀን…" ብሎ ጀመረ። ሊናዘዝ መሆኑ ገባኝ። ቢናገር እሱ ይገላገላል፤ ጉዳቱ የእናቴ ነው።

"ሐዘኑ ተቀስቅሶበት ነው፣ እማዬ" ብዬ ቀደምኩት። እሷም በነጠላዋ ጫፍ እንባውን ጠረገችለት።

እስከ መንገዱ ሸኘሁት።

"እስከ መቼ ነው?" አለኝ።

"እማዬ እስካለች። ጌታ ዕድሜዋን ያርዝመው።"

አሜን አላለም። ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው መኪና መጣና ተሳፈረ። በሚቀጥለው እሁድም መጣ።