በአንድ እጅ የሚለበስ ቀሚስ

አላመንኩም። ዛሬ ጠዋት ሰናይት ደውላ «አደይ ብርኽቲ አረፉ» ስትለኝ ሌላ ብርኽቲ ትሆናለች ብዬ ተከራከርኳት። ትናንት እኮ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ባለው ሱቃቸው በር ላይ ቆመው ስቀው ሰላም ብለውኛል።

ለማታውቋቸው፣ አደይ ብርኽቲ፣ «አደይ» በትግርኛ እናቴ ማለት ነው፣ ልብስ ሰፊ ናቸው። «ነበሩ» ማለት ገና አልሆነልኝም። ውጭ አገር ለሕክምና የሚሄዱ ሴቶችን የሚያለብሱት እሳቸው ናቸው።

እኔም የዛሬ ሦስት ዓመት ጡቴን ልታከም ህንድ ስሄድ ነው የተዋወቅኋቸው። መቀሌ ለማስተማር መጥቼ ዘመድ አልነበረኝም። የጉዞ ቀሚሴን ላስጠብብ ወሰድኩላቸው፤ ጥልፍ ያለው፣ ከኋላ በዚፕ የሚዘጋ። ያው ታውቃላችሁ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኚ አለ፣ ፎቶ አለ፣ «ያመማት አትመስልም» መባል አለበት።

ቀሚሱን አስለበሱኝና ቀኝ እጄን ጭብጥ አድርገው ያዙት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ይህኛው አይነሳልሽም፣ በግራሽ ብቻ ዝጊው አሉኝ። ታገልኩ፣ አልቻልኩም።

«ጓለይ» አሉኝ፤ ልጄ ሲሉ እንዲህ ነው። «ለመሄጃሽ አትልበሺ፣ ለመመለሻሽ ልበሺ።»

እህታቸውን ለማሳከም ሄደው የተማሩት ነው። ራሳቸው ወራት የጠለፉላትን ቀሚስ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ማውለቅ ስላቃታት በራሳቸው መቀስ ቀደዱት።

ለእኔ ከላይ እስከ ታች በቁልፍ የሚከፈት፣ እጅጌው ሰፊ፣ ወገቡ የማይዝ ቀሚስ ሰፉልኝ። ሐኪም ሲያይሽ የሚፈልገውን ብቻ ትከፍቺለታለሽ፣ መራቆት የለም አሉኝ። ከውስጥ ኪስም ነበረው። ለምን እንደሆነ የገባኝ ከቁስሌ ፈሳሽ የሚቀበለውን ጠርሙስ ይዤ ስነሳ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ቀሚሱን ያኔ ጠልቼው ነበር። የባልደረቦቼ ሽኝት ላይ አንዷ «ቢጃማ ለብሰሽ ነው?» ብላ አስቃብኛለች። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአራተኛው ቀን ግን ማንንም ሳልጠራ፣ በአንድ እጄ ለብሼ እስከ መስኮቱ ሄድኩ። እዚያ ቆሜ አለቀስኩ። ከታመምኩ ጀምሮ ሰው ሳይረዳኝ ያደረግሁት የመጀመሪያ ነገር ነበር።

አሁን ጠዋት ወደ ደወለችልኝ ሰናይት ልመለስ። ሐሙስ ለሕክምና በረራዋ ነው፣ የእኔው ሕመም ነው ያለባት። ቀሚሷ ተቆርጦ፣ አንድ እጅጌው ሳይገባ ማሽኑ ላይ ቀርቷል። ለቅሶ ቤት ይህን ሳነሳ አንዳንዶቹ ሬሳ ሳይወጣ ስለ ስፌት ማውራት ነውር ነው አሉኝ። የአደይ ልጅ ግን ተነስታ የሱቁን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ነውሩን እኔ እወስደዋለሁ።

አደይ፣ ነገ ቀብርዎ ላይ እንደ ሰው አለቅሳለሁ። ዛሬ ግን ማሽንዎ ላይ ተቀምጫለሁ። እኔ ከቁልፍ መትከል በቀር ስፌት እንደማላውቅ ያውቃሉ። እጅጌው ሁለት ጊዜ ጠሞብኝ ሁለት ጊዜ ፈትቼዋለሁ፤ ሦስተኛውን ጀምሬያለሁ። ሰናይት ሐሙስ ለብሳው ትሄዳለች። እርስዎ ይረፉ እናቴ፣ መርፌውን እኔ ይዣለሁ።