ከሙኽታር ምስል ሥር የጻፍኩት

ባለፈው ሳምንት ሆዳን አሁን ከምትኖርበት ከአውበሬ ከተማ አንድ ቪዲዮ ላከችልኝ። «በአዲሱ ስልኬ አልከፈት አለኝ፤ ቀይርልኝ» የሚል መልእክት አብሮት ነበር። ሆዳን ጆሮዋ አይሰማም፤ ከእኔ ጋር የምታወራው በጽሑፍ ነው። ቪዲዮውን ሳልከፍተው አወቅሁት።

ጅጅጋ ተወልጄ ያደግሁ የአስተማሪ ልጅ ነኝ፤ ሶማሊኛውን የለመድኩት ከሰፈር ልጆች ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ባጣሁበት ጊዜ ገበያው አጠገብ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ፊልም እጭን ነበር። ሰው ፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ ፊልሙን ለስልክ እንዲሆን እቀይርና ከሥር የሚወጣውን ጽሑፍ የያዘውን ፋይል በፊልሙ ስም እሰይመዋለሁ። በአንዲት ፊደል ከተለያዩ ጽሑፉ አይወጣም። ይህ ከማንም በላይ የሚገዳት ሆዳን ነበረች። ከስፌት ሥራዋ ስትወጣ ትኩስ ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልላ ትመጣለች፤ እየበላን በስልኳ ላይ እየጻፍን እንጫወታለን።

በዚያው ዓመት ወንድሟ ሙኽታር በታህሪብ ወጣ። ታህሪብ የምንለው በረሃ አቋርጦ ወደ ባሕር ማዶ መሰደድን ነው። በጋው ከፍቶ ነበር፤ ከካራማራ በኩል የሚመጣው ንፋስ ሱቁን አቧራ ያለብሰዋል። አንድ ቀን ከሰዓት ሆዳን ባዶ እጇን መጣችና ከእናቷ ስልክ የገለበጠችውን ቪዲዮ አሳየችኝ። ሙኽታር አሸዋ ላይ ተቀምጧል፤ አፉን በሻሽ ሸፍኗል።

«እናቴ ‹ደርሻለሁ፣ ደህና ነኝ› ይላል አለችኝ። ከንፈሩ አይታየኝም። እንደ ፊልሞቹ ከሥር ጻፍልኝ» ብላ ጻፈች።

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። «ሆዮ» ይላል፣ እናቴ ማለቱ ነው፤ «እግሬ ተሰብሯል። መኪናው ነገ ሲነሳ ጥለውኝ ነው የሚሄዱት። አፉ በይኝ።»

ለሆዳን «ነገ ነይ» ብዬ ጻፍኩላት።

በማግስቱ ቀድመዋት የመጡት እናቷ ናቸው። እንደ አክስት ስለማያቸው ኤዶ ፋጡማ እላቸው ነበር።

«ደህና ነኝ ይላል ብለህ ጻፍላት» አሉኝ።

«ኤዶ፣ ያላለውን እንዴት እጽፋለሁ?»

«እኔ ሰምቼዋለሁ፤ ይበቃል። እሷ ብታውቀው ምን ያደርግላታል?»

«እስከ መጨረሻው ሰምተውታል?»

ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ። «አፉ በይኝ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ያጠፉት ኖሯል። ማዳመጫውን ሰጠኋቸው፤ ቆመው ሰሙ። መጨረሻው ለሆዳን ነበር፦ «ስወጣ ያልቀሰቀስኳት ዓይኗን ካየሁ መሄድ ስለማልችል ነው በያት።»

ኤዶ ፋጡማ ማዳመጫውን አውልቀው በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ጻፈው» አሉኝ። «ሁሉንም።»

ቪዲዮው ስም አልነበረውም፤ ረጅም ቁጥር ብቻ ነው። ምን ብዬ ልሰይመው ብላቸው፣ «ሙኽታር በለው እንጂ፣ ሌላ ምን ይባላል?» አሉ።

ሆዳን መጥታ አየችው። ደግማ ስታየው ግን የወንድሟን ፊት በመዳፏ ከልላ ጽሑፉን ብቻ አነበበች። እናቷ እጇን ሊይዟት ሲሉ መነጨቀቻቸው። ያን ዓመት ሙሉ በአንድ ቤት እየኖሩ አላናገረቻቸውም፤ የታረቁት ኤዶ ፋጡማ አልጋ ከያዙ በኋላ ነው። እስኪሞቱም ያስታመመቻቸው እሷ ነች። ከሙኽታር ሌላ ወሬ አልመጣም።

አሁን ቪዲዮውን ስቀይር በደህና ማዳመጫ እንደገና ሰማሁት። መሃል ላይ ንፋሱ ድምፁን የሸፈነበት፣ ያኔ ነጠብጣብ አድርጌ ያለፍኩት ቦታ አለ። በዚህኛው ተሰማኝ። «ጠምቶኛል» ነው የሚለው።

ቀኑን ሙሉ ላኪው አልላከው ስል ዋልኩ። በመጨረሻ ቃሉን በቦታው ጽፌ ላኩት።

«አመሰግናለሁ» ብላ መለሰች። «እዚያ ጋ ምን ብሎ ይሆን እያልኩ ነው የኖርኩት።»

እኔ ንፋስ ነው ብዬ የተውኩትን ቦታ እሷ ይህን ሁሉ ዓመት ስትሞላው ኖራለች። በምን በምን እንደሞላችው ልጠይቃት አልደፈርኩም።