የአሰለፈች ምራቂ

እትዬ አሰለፈችን ረግታ ተቀምጣ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር። ባቡሩ አቃቂ ጣቢያ ላይ ጭነት በሚያራግፍበት በዚያ ዘመን ባሏ ካሳሁን ሐዲድ ይጠግን ነበር፤ እሷ ደግሞ ቅቤ ትሸጥ ነበር። ቅቤው ሰለቻትና ጌሾ ጀመረች። ጌሾውን ሸጣ ሳትጨርስ ወደ ዶሮ ንግድ ገባች። እኔ ጎረቤቷ "ኧረ እባክሽ አረፍ በይ!" ስላት "እሺ" ትለኛለች፤ ዞር ስል በር ላይ ናት። አንድ አመሏ ብቻ አይለወጥም። ምንም ትሽጥ ምን፣ ከሰፈረች በኋላ ምራቂ ትጨምራለች። ሳይመርቁ መሸጥ ለእሷ ከስርቆት አይለይም።

በመጨረሻ ሳሙና መሥራት አማራት። ያስተማራት ጎረቤታችን መገርሳ ነው፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ክር የሚያነጣ፣ እርጋታው የሚያናድድ ሰው። እሷ ሞራውን ከበሬ አራጆች አመጣች፤ ሞራውን ሳሙና የሚያደርገውን ኮስቲክ ሶዳ በባቡር ከመጣ በርሜል ላይ አስቀንሳ ገዛች። መገርሳ "ለሰባት እጅ ሞራ አንድ እጅ ኮስቲክ፣ ያውም በሚዛን" አላት። ለምን እንደሆነ ሊያስረዳት አፉን ሲከፍት እሷ ሞራውን ልታቀልጥ ወጥታ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ።

ሳሙናው ደርቆ ሲቆረጥ ግን ጥርስ የመሰለ ነጭ ሆነ። እትዬ አሰለፈች በደስታ የምትይዘው የምትጨብጠው አጣች። የመጀመሪያዎቹን ለዳሲቱ ሰጠች። ዳሲቱ የልብ ጎረቤቷ ናት፤ ልጇ ዙፋን ዱከም ወልዳ እሷን ልትንከባከብ መሄዷ ነበር። "ሕፃኑ በእኔ ሳሙና ይታጠብልኝ!" ብላ ባቡር ድረስ ሸኘቻት።

በማግስቱ ጠዋት መገርሳ ከሌሊት ሥራ ሲመለስ ጎራ አለ። ሳሙናውን አነሳና በምላሱ ጫፍ ነካ አደረገው። ለበለበውና ወዲያው ተፋው።

"እትዬ አሰለፈች፣ ኮስቲኩን ስንት አደረግሽው?"

"ያልከኝን ነዋ! በሚዛን።"

"ሌላስ?"

"ሌላማ ምን አለ… ትንሽ መረቅሁለት እንጂ። አንድ ጣሳ።"

መገርሳ ተቀመጠ። እኔም እዚያው ነበርኩና የነገራትን ሰምቻለሁ። ሞራና ኮስቲክ ሲገናኙ ሁለቱም የቀድሞ ማንነታቸውን ትተው ሳሙና ይሆናሉ። ነገር ግን አንድ ሞራ የሚወስደው ኮስቲክ ልኩ የታወቀ ነው። ልኩ ከሞላ በቃ፤ የቱንም ያህል ቢያማስሉት ከዚያ በላይ አይቀበልም። "ሞራ ቢተርፍ ግድ የለም፣ ሳሙናው ይለሰልሳል" አላት። "ኮስቲክ ከተረፈ ግን ከነኃይሉ ነው የሚቀመጠው። የሚበላውን ስብ ይፈልጋል። የሰው ቆዳ ደግሞ ስብ አለው።"

እትዬ አሰለፈች ክው አለች። "ሕፃኑ!" አለች።

ነጠላዋን እንኳ በቅጡ ሳትለብስ ወደ ጣቢያው በረረች፤ እኔንም ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። ባቡሩ እስኪመጣ ሐዲዱ ዳር ስትንቆራጠጥ ሰው ሁሉ ያያት ነበር። ከተሳፈርን በኋላም አልተቀመጠችም። ባቡሩ ገላን ሜዳ ላይ ሲያዘግም "ወርጄ ብሮጥ እቀድመዋለሁ" አለችኝ፤ የምሯን ነበር። መስኮት ታያለች፣ ተመልሳ ትመጣለች፣ "ትናንት አጥባው ቢሆንስ?" ትለኛለች። ተቆጣኋት፤ ተቆጥቼም አዘንኩላት።

ዱከም የዙፋንን ቤት ስንገባ ዳሲቱ ሕፃኑን ራቁቱን ጭኗ ላይ አስተኝታለች። ለብ ያለው ውሃ ሳፋ ውስጥ ነው፤ ሳሙናው እጇ ላይ።

"አጠብሽው?" ብላ ጮኸች እትዬ አሰለፈች።

"ትናንት በውሃ ብቻ አለቃለቅሁት። ምነው፣ ምን ሆንሽ?"

መልስ ሳትሰጥ ሳሙናውን ከእጇ ነጠቀቻት። ዳሲቱ ፊቷ ተለዋወጠ።

"የሰጠሽኝን ልትቀሚኝ ነው ከአቃቂ ድረስ የመጣሽው? ለልጅ ልጄ ሰሰትሽ?"

ሰሰተች! ያቺ ሴት በዕድሜዋ ያልተባለችውን ተባለች። የመገርሳን ቃል ልትናገር ሞከረች፤ ሞራ አለች፣ ልክ አለች፣ ነገሩ ተምታታባት። እኔ ላስረዳ ብል ዳሲቱ አልሰማ አለች።

እትዬ አሰለፈች መሬት ላይ ቁጭ አለች። እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ክንዷን ከሳፋው አርሳ ሳሙናውን እየደጋገመች አሸችበትና ሳታለቀልቀው ዳሲቱ ፊት ዘረጋችው። ቆይቶ ክንዷ ቀላ፤ ከዚያ እንደ በርበሬ ሆነ። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ክንዷን ግን አልሰበሰበችም።

"መርቄበት ነው፣ ዳሲቱዬ" አለች። "ከልኩ በላይ መረቅሁበት።"

ዳሲቱ ሕፃኑን ለዙፋን አቀበለች። ከዚያ ተንበርክካ የእሱን መታጠቢያ ውሃ እየቀዳች በጓደኛዋ ክንድ ላይ ታፈስ ጀመር።