የአዶት ቃጫ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ አብረውኝ ለሚጸልዩ ወንድሞችም አልነገርኳቸውም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የነፍስ አባት የሚባል የለም፤ ኃጢአትህን ለጌታ ንገር ነው የምንባለው። ለእሱ ነግሬዋለሁ፣ ደጋግሜ። ግን ለእሱ መንገር ቀላል ነው፤ አስቀድሞ ያውቀዋል። ያቃተኝ ለማያውቅ ሰው መንገር ነው። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ፤ እኔ ይዤው መዞሩ ደክሞኛል።

ቡታጅራ ውስጥ ሸራ ሰፊ ነኝ። የጭነት መኪና ሸራ፣ የሠርግ ድንኳን፣ የገበያ ዳስ እሰፋለሁ። ኢሕአዴግ ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ የጀልባ ሸራ መስፋት ጀመርኩ። ቡታጅራ ምን ሐይቅ አላትና እንደምትሉ አውቃለሁ። ነገሩን ያመጣው አንድ የእንጨት ሥራ የሚያሠለጥን ፈረንጅ ነው። አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ፣ በነፋስ የምትሄድ ትንሽ ጀልባ አሠራር ለወልቂጤና ለቡታጅራ አናጢዎች አስተማረና ወደ አገሩ ተመለሰ። እሱ ሄደ፣ አመሉ ግን እኛ ላይ ቀረ። በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ ጀልባዎቻችንን አይሱዙ ላይ ጭነን ዝዋይ እንወርድና ቅዳሜና እሁድን ስንወዳደር እንውላለን።

መዞሪያችን ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ፣ ድንጋይ የታሰረበት ቢጫ ጀሪካን ነበር። የሐይቁ ዓሣ አስጋሪዎች ዳር ላይ ተቀምጠው ይስቁብናል። የሚገለበጠው ይገለበጣል፤ የቀረው ውድድሩን ትቶ ሊያወጣው ይሄዳል። ከዚያ ሁላችንም አንድ ትሪ ከበን ዓሣ ጥብስ እንበላለን። ሥጋ ቢሆን የክርስቲያኑና የእስላሙ ተብሎ ለሁለት ይከፈል ነበር፤ ዓሣ ስለሆነ ግን ትሪው አንድ ነው። በሕይወቴ እንደነዚያ ቀኖች የተደሰትኩበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም። ያበላሸሁትም እነሱኑ ነው።

ኸይሩ የጉንችሬ ልጅ ነው፤ ወልቂጤ ውስጥ አናጢ ነበር። ዓመት በዓመት የሚያሸንፈው እሱ ነው፤ ሁለተኛ የምወጣው እኔ። የሁለታችንንም ሸራ የሰፋሁት እኔው ነኝ፤ ጨርቁ አንድ፣ ልኩ አንድ፣ እጁም አንድ። ታዲያ ለምን ይቀድመኛል? የቡታጅራ ልጆች "ሸራው ያንተ፣ ነፋሱ የኸይሩ" እያሉ ያበሽቁኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ኸይሩን እወደው ነበር። ይህን የምለው ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም፤ እንዲያውም ባልወደው ይቀል ነበር።

እናቱን ሁላችንም አዶት እንላቸዋለን፤ በአገራቸው ቋንቋ እናት ማለት ነው። እንሰት ሲፋቅ የሚወጣውን ቃጫ አድርቀው፣ አበጥረው፣ ጭናቸው ላይ እያሹ የሚገምዱት ገመድ በጉንችሬ ገበያ የታወቀ ነበር። የጀልባዎቻችን ገመድ በሙሉ የሳቸው ሥራ ነው። በዚያ ዓመት ኸይሩ አዲስ ሸራ ሊያሰፋ ሱቄ ሲመጣ አንድ ጥቅል ቀጭን የቃጫ ክር አመጣ። "አዶት ናቸው የላኩት፤ ሸራውም በእኔ ክር ይሰፋ ብለዋል" አለኝ። ሐይቁን አይተው አያውቁም። በልጃቸው ጀልባ ላይ ግን እጃቸው እንዲኖርበት ፈልገው ነበር።

ሰፋሁት። ዳር ዳሩን በሙሉ በሳቸው ቃጫ ሰፋሁት። መሃል ላይ ያለውን፣ ሁለቱን ጨርቅ የሚያያይዘውንና ነፋሱ በሙሉ የሚያርፍበትን ስፌት ግን መስኮት ላይ ፀሐይ ሲበላው በከረመ የጥጥ ክር ሰፋሁት። መልኩ ቃጫውን እንዲመስል በሰም አሸሁት። ሰይጣን አሳሳተኝ ልበል? እጄ ነው ልበል? የጆንያ መርፌ እንዲህ በቀላሉ ጨርቅ አያልፍም፤ በየመርፌው ሐሳቤን መለወጥ እችል ነበር። አልለወጥኩም። እኔ ነኝ ያደረግኩት፣ እያወቅኩ።

እሁድ ከሰዓት ነፋሱ በረታ። ኸይሩ ጀሪካኑን ቀድሞኝ ዞሮ ወደ ዳር ሲመለስ ሸራው መሃል ለመሃል ተተረተረ። ድምፁ እኔ ጋ ደረሰ። ጀልባው ቆመ፣ እኔ በአጠገቡ አለፍኩ። ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? ፊቱን ወደኔ አዙሮ፣ በሁለት እጁ ጨርቁን ይዞ፣ "አይዞህ፣ ሂድ፣ ሂድ፣ ዛሬ ያንተ ነው" አለኝ። ሄድኩ። አንደኛ ወጣሁ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። በጨዋታ መሃል የተሠራ ተንኮል ነው ብዬ፣ አንድ ቀን ነግሬው ሰድቦኝ እንስቅ ነበር። ግን ጀልባው ተጎትቶ ሲመጣ ሁሉም ከበበውና ምን ነካው ይባባል ጀመር። አንዱ ወደ እኔ ዞሮ "አንተ ታውቃለህ፣ ምን ሆኖ ነው?" አለ። ሸራውን ማንም ሳያየው ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ከተትኩና "ቃጫ ለውሃ አይሆንም። ነግሬው ነበር" አልኩ።

አልነገርኩትም ነበር። ኸይሩም እንዳልነገርኩት ያውቃል። ግን በሰው ፊት ውሸታም ሊያደርገኝ አልፈለገም፤ ወይ ደግሞ የረሳው እሱ መሰለው። አንገቱን ደፍቶ "ወላሂ፣ አዶት ብቻ እንዳይሰሙ" አለ። የጀልባው ገመዶች በሙሉ የሳቸው ነበሩ፤ በዚያ ሁሉ ነፋስ አንዱም አልተበጠሰም። ይህን ያስተዋለ ሰው አልነበረም። ሸራ ሰፊው ተናግሯል፣ ነገሩ አለቀ።

እንዳይሰሙ ቢልም ወሬው ጉንችሬ ደረሰ፤ ዝዋይ ድረስ የሄደ ሰው መቼም ሳያወራ አይቀርም። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አንድ የገበያ ቀን ኸይሩ እናቱን ይዞ ሱቄ በር ላይ ቆመ። ያን ሁሉ መንገድ በሚኒባስ ተሳፍረው እኔን ብለው ነው የመጡት። አዶት አማርኛ አይናገሩም። ተቀመጡ ስላቸው አልተቀመጡም። ቆመው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በአማርኛ "ይቅርታ፣ ልጄ" አሉኝ።

ኸይሩ ፈገግ ብሎ "መንገዱን ሙሉ ሲለማመዷት ነው የመጡት" አለኝ። የቀረውን በራሳቸው ቋንቋ ነገሩኝ፣ እሱ አስተረጎመ። ክሬ ሥራህን አበላሸብህ፣ ስምህን በሰው ፊት አሳነሰብህ አሉ። ደግሞ ከመቀነታቸው አንድ ጥቅል ቃጫ አወጡ። "እንስራ ውስጥ ነክሬ አቆየሁት፣ አልበሰበሰም። የሐይቅ ውሃ ግን ሌላ ይሆናል። እኔ ሐይቅ አላውቅም፣ አንተ ታውቃለህ" አሉ።

እውነቱ እጃቸው ላይ ነበር። ይዘውልኝ መጥተው፣ ከራሳቸው ይልቅ እኔን አመኑ። ያኔ መናገር እችል ነበር። ሱቁ ውስጥ ከሦስታችን በቀር ሰው አልነበረም። እኔ ግን ምን አልኩ? "ምንም አይደለም አዶት፣ ይቅር ብያለሁ" አልኩ። ኸይሩ አስተረጎመላቸው። ደስ አላቸውና እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። አሜን አልኩ።

ስፌቱን ያበላሸሁት በቅናት ነው፤ ቅናት ማንም ላይ ይደርሳል። የዋሸሁት በድንጋጤ ነው፤ እሱም ይሁን። ያንን ይቅርታ የተቀበልኩት ግን በምንድን ነው? እስከ ዛሬ አላወቅኩትም።

በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም ጀልባ ላይ የናይለን ገመድ ታሰረ። አዶት ገመድ መግመድ ትተዋል አለኝ ኸይሩ፣ እንደ ቀላል ወሬ። ውድድሩም ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ቀረ። አዶት ዐረፉ። ጉንችሬ ለቅሶ ደርሼ፣ ከቤት ሰው ጋር ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ፣ ምን ዓይነት ደግ ሰው ነህ ተብዬ ተመለስኩ።

አዶት ትተውልኝ የሄዱት ያ ጥቅል አሁንም ሱቄ ውስጥ መደርደሪያው ላይ አለ። ባለፈው ክረምት አውርጄ አንድ ዘለላ መዘዝኩና ለመበጠስ ሞከርኩ። በጉልበቴ ሁሉ ሳብኩት። ጣቴን ቆረጠኝ እንጂ አልተበጠሰም።

ኸይሩ ወልቂጤ ነው፤ ስንገናኝ ዛሬም ትከሻ ለትከሻ ተሳስመን ነው የምንለያየው። ይህን ያነብ ይሆናል፣ ሰው ያነብለት ይሆናል። ይቅርታ አልጠይቀውም። ቃሉን እናቱ መንገድ ሙሉ ተለማምደው ወደ እኔ አምጥተውት፣ እኔ እያወቅኩ ተቀብዬዋለሁ። መልሼ ለልጃቸው ልስጠው? ግን አንድ ነገር ጉንችሬ ሄዶ፣ በመቃብራቸው አጠገብ፣ በሚሰሙት ቋንቋ እንዲነግርልኝ እለምነዋለሁ። ሐይቁ ላይ የተበጠሰው የሳቸው ክር አልነበረም።